ዳዊት እየደገሙ ልብ ገበያ ሲወጣ፦ በሥራ፣ በስልክና በሐሳብ መካከል ጸሎትን አጽንቶ ለመያዝ

በስመ አብ ብሎ ያማተበ ሰው ሁለተኛው መዝሙር ላይ ሳይደርስ የቤት ኪራይ፣ ትናንት ቢሮ የሰማው ክፉ ቃል፣ ያልመለሰው ስልክ በልቡ ተራ በተራ ይገባሉ። አፉ ያነባል፣ ጣቱ ገጽ ይገልጣል፣ ልቡ ግን ገበያ ወጥቷል። ይህ ሲደጋገምበት «የእኔ ጸሎት ለግብር ይውጣ ነው፤ እንዲህ ከምጸልይ ብተወው ይሻላል» ይልና መጽሐፉን መደርደሪያ ላይ ይመልሰዋል። ብዙ ሰው ከጸሎት የሚርቀው በክህደት ሳይሆን እንዲህ በማፈር ነው።

ሐሳብ ለሁሉም ይመጣል። ቤተ ክርስቲያን ይህን ስለምታውቅ በቅዳሴው መካከል ዲያቆኑን «እለ ትነብሩ ተንሥኡ» ታሰኘዋለች፣ ቆየት ብሎ «ውስተ ጽባሕ ነጽሩ»፣ ከዚያ ደግሞ «ንነጽር»። የተቀመጣችሁ ተነሡ፣ ወደ ምሥራቅ ተመልከቱ፣ እናስተውል ማለት ነው። ካህኑም «አልዕሉ አልባቢክሙ» ብሎ ልባችንን ከፍ እንድናደርግ ይጠራናል። ልብ አንዴ ከፍ ካለ የማይወርድ ቢሆን ኖሮ በአንድ ቅዳሴ ውስጥ ይህ ሁሉ ጥሪ ባላስፈለገ ነበር። መቆሙ፣ ወደ ምሥራቅ መዞሩ፣ ድምፁ፣ ሰዓቱ፣ ቁጥሩ ሁሉ የሸሸ ልብን መመለሻ ሆነው የተሠሩ ናቸው። ቤት ውስጥ ብቻችንን ስንጸልይ እነዚህን አንድ በአንድ እንጥላቸዋለን፤ አልጋ ላይ ጋደም ብለን፣ በልባችን፣ ከስልክ ላይ፣ በተመቸን ሰዓት እናነባለን። ከዚያ ልባችን ለምን እንደማይሰበሰብ ይገርመናል።

መጠኑን መቁረጥ

የመጀመሪያው ስሕተት ሁሌም አንድ ነው። በፍልሰታ ወይም በዐቢይ ጾም መንፈሱ የተነሣሣ ሰው የዘወትር ጸሎትን፣ ውዳሴ ማርያምን፣ አንቀጸ ብርሃንን፣ መልክአ ኢየሱስን፣ መልክአ ማርያምን፣ የወሩን ድርሳንና የዕለቱን ዳዊት ደርቦ ይጀምራል። ሳምንት ሁለት ሳምንት ይይዘዋል። ከዚያ አንድ ቀን እንግዳ ይመጣል ወይም ሥራ ያመሽበታል፤ ያን ቀን ሙሉውን ስለማይችል ጨርሶ ይተወዋል። በማግስቱ የሁለት ቀን ዕዳ ያለበት ስለሚመስለው መጽሐፉን መክፈት ይከብደዋል።

ስለዚህ በደኅና ቀናችሁ የምትችሉትን ሳይሆን በክፉ ቀናችሁ የማትተዉትን ያዙ። ሥራ የሚበዛበት፣ ልጅ ያመመበት፣ መብራት የጠፋበት ቀን አስቡና በዚያ ቀን እንኳ የማይቀረው ምን ያህል እንደሆነ ራሳችሁን ጠይቁ። ለአብዛኛው ሠራተኛ ሰው ጠዋት የዘወትር ጸሎትና የዕለቱ ውዳሴ ማርያም፣ ማታ አቡነ ዘበሰማያትና አንድ መዝሙር በቂ መነሻ ነው። ያም ከበዛ ጠዋት አቡነ ዘበሰማያት፣ ጸሎተ ሃይማኖትና አንድ መዝሙር ይሁን። አንድ ቀን ሰዓት ይዛችሁ፣ ሳትቸኩሉ፣ ድምፃችሁን አውጥታችሁ አንብቡትና ስንት ደቂቃ እንደፈጀ እዩ። ግምት ያታልላል፤ አምስት ደቂቃ ነው ብለን የያዝነው ተረጋግተን ስናነበው ዐሥራ ሁለት ሊሆን ይችላል። ሰባት ደቂቃ በጎደለን ጠዋት ሁሉ ሩጫ ነው፤ ሩጫ ባለበት ደግሞ ልብ አይሰበሰብም።

ዳዊትን በተመለከተ የቆየው ክፍፍል ይህ ነው፦ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150፤ እሑድ የነቢያት ጸሎትና መኃልየ መኃልይ ይደገማል። ዐሥር መዝሙር አንድ ንጉሥ ስለሚባል መላው ዳዊት 15 ንጉሥ ነው። ይህ ሥርዓት ዳዊትን በቃሉ ለያዘ ወይም ጊዜው ለጸሎት ለተለየ ሰው የሚመች ነው። ገና ለሚጀምር ሠራተኛ የሰኞውን 30 መዝሙር በአንድ ጠዋት ጨርስ ማለት ማክሰኞን አትይ ማለት ነው። 17ኛው መዝሙር ብቻውን 50 ቁጥር አለው፤ ብዙ ጀማሪ የሚደክመው እዚያ ላይ ነው። በቀን አንድ መዝሙር ያነበበ ሰው በ150 ቀን፣ ማለትም በአምስት ወር፣ ዳዊትን ይዘልቃል። ጠዋት አንድ ማታ አንድ ካለ በ75 ቀን። በቀን አንድ ንጉሥ የሚችል በ15 ቀን ይጨርሳል። ዓርብ ክፍል ውስጥ ያለው 118ኛው መዝሙር 176 ቁጥር ስላለው እሱን በስምንት በስምንት ቁጥር ከፍሎ ለ22 ቀን ማንበብ ነውር የለውም፤ ሲጻፍም በዕብራይስጥ ፊደላት ተራ በ22 ክፍል የተቀመጠ ነው።

ቁጥሩ ላይ አንድ ማሳሰቢያ። በእኛ አቆጣጠር «አቤቱ ማረኝ» የሚለው የንስሐ መዝሙር 50ኛው ነው። ከዕብራይስጡ በተቆጠሩ መጻሕፍትና የስልክ መተግበሪያዎች ላይ ግን 51ኛ ሆኖ ይመጣል። አንዱን መጽሐፍ ጠዋት፣ ሌላውን ማታ የሚጠቀም ሰው ሳያውቀው መዝሙር ይዘልላል ወይም ይደግማል። አንድ መጽሐፍ መርጣችሁ በሱ ጽኑ።

የጸሎትና የስግደት መጠን ከንስሐ አባት ጋር ቢወሰን ይሻላል። አባት ያዘዘውን መጠን ሰው በስሜት አይጨምረውም፣ በስንፍናም አይቀንሰውም። ራስ ላይ ስለት መጣል ግን አደገኛ ነው፤ «ይህን ያህል ካልሰገድኩ» ብሎ በሌሊት የማለ ሰው ሲያቅተው ከስግደቱ ጋር ጸሎቱንም ይሸሻል።

ሰዓቱና ቦታው

ነቢዩ ዳዊት «በቀን ሰባት ጊዜ አመሰግንሃለሁ» ባለው መሠረት የተሠሩት ሰባት የጸሎት ሰዓቶች እያንዳንዳቸው የሚታሰብበት ነገር አላቸው። ጠዋት 12 ሰዓት ነግህ ነው፤ ሌሊቱን አሳልፎ ብርሃን ስላሳየን የምናመሰግንበት። 3 ሰዓት መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያት ላይ የወረደበት፣ 6 ሰዓት ጌታ የተሰቀለበት፣ 9 ሰዓት ቅድስት ነፍሱን በፈቃዱ የለየበት፣ 11 ሰዓት ሥጋው ከመስቀል ወርዶ የተቀበረበት ነው። በመኝታ በጌቴሴማኒ የጸለየው፣ በመንፈቀ ሌሊት ደግሞ ልደቱ፣ ትንሣኤውና ዳግም ምጽአቱ ይታሰባል።

ይህ ለሚባክን ልብ ትልቅ መድኃኒት ነው። ልብ ባዶ ቦታ ላይ አይቆምም፤ «አትባክን» ከማለት የሚይዘው ነገር መስጠት ይሻላል። ቢሮ ውስጥ ቀን 6 ሰዓት ሲሆን ምሳ ከመውጣታችሁ በፊት ከወንበር ተነሥታችሁ አንድ አቡነ ዘበሰማያት በለሆሳስ ማድረስ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ያን ደቂቃ ግን በዚህ ሰዓት የተቸነከሩትን እጆች አስቡ። ማንም አያያችሁም፣ ሥራም አይበደልም። ከሰባቱ ሦስቱን፣ ነግህን፣ የ6 ሰዓቱን ቀትርና የመኝታውን ንዋም፣ አጥብቆ የያዘ ሰው ሌሎቹን ቀስ በቀስ ይደርስባቸዋል።

ስልክ ላይ ደወል የምትሞሉ ከሆነ የስልኩ ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን አትርሱ፦ 3 ሰዓት 9:00፣ 6 ሰዓት 12:00፣ 9 ሰዓት 15:00፣ 11 ሰዓት 17:00 ነው። ደወሉ የሚጮኽ ሳይሆን አጭር ንዝረት ይሁን። በሰው ፊት የሚጮኽ ደወል ያሳፍራል፤ ያሳፈረን ነገር ደግሞ በሳምንቱ ይጠፋል።

ቦታው ሰፊ መሆን የለበትም። በአንድ ክፍል ቤት ውስጥ እንኳ በምሥራቅ በኩል ካለው ግድግዳ አንድ ክንድ የምታህል ስፍራ መለየት ይቻላል፤ ሥዕለ አድኅኖ (የጌታ፣ የእመቤታችን ወይም የቅዱሳን ሥዕል)፣ ከሥሩ መጽሐፉ የሚቀመጥበት ትንሽ መደብ፣ ንጹሕ ጨርቅ። የፀሐይ መውጫውን አንድ ጠዋት አይታችሁ ምሥራቅን እወቁ። በዚያ ስፍራ ቁልፍ፣ ደረሰኝ፣ ቻርጀር አይቀመጥ። ዓይን ያየውን ልብ ይከተላልና የመብራት ሒሳብ ወረቀት ሥዕሉ ሥር ተቀምጦ «በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል» እያልን ሒሳብ ስንሠራ እንገኛለን። ጧፍ ካበራችሁ ከመጋረጃ ራቅ ባለ ቦታ፣ በሸክላ ወይም በብረት መቆሚያ ላይ አድርጉት፤ ጧፉ መጋረጃውን ይነካው ይሆን እያሉ መጸለይም ራሱ መባከን ነው።

ስልኩ

የጸሎት መጽሐፍ በስልክ መያዝ መንገድ ላይ ላለ፣ መጽሐፉ ላልተገኘለት፣ ዓይኑ ለደከመና ፊደል ማተለቅ ለሚያስፈልገው ጥሩ ነው። ቤት ውስጥ ግን የታተመውን ውዳሴ ማርያም ያዙ፤ ኪስ የሚገባው ትንሹ በየቤተ ክርስቲያኑ መግቢያ ይሸጣል። ምክንያቱ ቀላል ነው። መጽሐፉ ላይ ያለው ውዳሴ ማርያም ብቻ ነው፤ ስልኩ ላይ ከውዳሴ ማርያም ጎን ቴሌግራም፣ ቲክቶክ፣ የባንክ መልእክትና የአለቃ ጥሪ አለ። መልእክቱ ባይከፈት እንኳ ከላይ ብቅ ያለው ስም ብቻ ልብን ይዞ ይሄዳል።

በስልክ ማንበብ ግድ ከሆነ መጀመሪያ መጽሐፉን አውርዳችሁ ያለ ኔትወርክ የሚከፈት አድርጉት። ከዚያ ከማማተባችሁ በፊት ኤሮፕሌን ሞድ ላይ አድርጉ። ድምፅ ማጥፋት አይበቃም፤ ስክሪኑ ሲበራ ዓይን ያያል። የታመመ ሰው ያለበት ቤት ከሆነና ስልክ መዝጋት ካልተቻለ የዚያ ሰው ጥሪ ብቻ እንዲገባ አድርጋችሁ ሌላውን ዝጉ።

ከዚህ የሚበልጠው ግን ከጸሎቱ በፊት ያለው ግማሽ ሰዓት ነው። ከእንቅልፉ ነቅቶ መጀመሪያ ስልኩን የያዘ ሰው ለጸሎት ሲቆም ልቡ ሞልቶ ነው የሚቆመው፤ የማያውቀው ሰው ጠብ፣ የሩቅ አገር ጦርነት፣ የጎረቤት ሠርግ ፎቶ ገብቶበታል። ባዶ የነበረውን ማሰሮ አሸዋ ሞልቶ ውኃ እንደ መቅዳት ነው። ስልኩ ማታ ሌላ ክፍል ወይም ከአልጋ ራቅ ያለ መደርደሪያ ላይ ይደር፤ ለመነሣት ርካሽ የሚደውል ሰዓት ይገዛ። ጠዋት «መጀመሪያ ጸሎት፣ ቀጥሎ ስልክ» የሚለውን አንድ ልማድ ብቻ የያዘ ሰው ከዚህ ጽሑፍ ሌላውን ሁሉ ቢረሳ እንኳ ብዙ ያተርፋል ብለን እናምናለን።

መዝሙርና ስብከት እየሰሙ ምግብ ማብሰል፣ መኪና መንዳት መልካም ነው። ግን ቀኑን ሙሉ ከኋላ የሚጮኽ መዝሙር ጆሮን ያደነዝዛል፤ የጌታ ስም እንደ ራዲዮ ድምፅ ይለመዳል። ሁለት መዝሙር በጸጥታ ሰምቶ መዝጋት ከስድስት ሰዓት ዝማሬ ይበልጣል። በስልክ ያየነው ስብከትም የጸለይነው ጸሎት ሆኖ አይቆጠርም፤ ስለ እንጀራ መስማትና መብላት ለየቅል ናቸው።

ቆሞ፣ ድምፅ አውጥቶ

ነጠላ አጣፍቶ፣ ጫማ አውልቆ፣ ወደ ምሥራቅ ዞሮ መቆም ለታይታ አይደለም፤ ሰውነት ለልብ «አሁን ሌላ ሰዓት ነው» የሚልበት ቋንቋ ነው። አልጋ ላይ ሆኖ የሚጸልይ ሰው ሰውነቱ «የእንቅልፍ ሰዓት ነው» እያለው ልቡ ብቻውን ይታገላል። የታመመ፣ የወለደች፣ ያረጀ ተቀምጦ ወይም ተኝቶ ይጸልያል፤ ጤነኛው ግን ይቁም።

ድምፃችሁን አውጡ፤ ራሳችሁ የምትሰሙት ያህል ይበቃል። በዓይን ብቻ ሲነበብ ዓይን ሦስት መስመር ዘልሎ እንደሄደ ልብ አይታወቀውም። ምላስ ግን ቃል መዝለል ይከብዳታል፤ ዘለለችም ጆሮ ይሰማል። ሰው ተኝቶ ከሆነ ከንፈራችሁን አንቀሳቅሱ።

የንባቡ ፍጥነት ሁሉን ይወስናል። በቤተ ክርስቲያን የንባብ ትምህርት ቤት ተማሪው ዳዊትን ደረጃ በደረጃ፣ መጀመሪያ በግእዝ ንባብ፣ ቀጥሎ በውርድ ንባብ፣ ከዚያ በቁም ንባብ የሚወጣው ቃሉን አንድ በአንድ እንዲጨብጥ ነው። እኛም በየቁጥሩ መጨረሻ አንድ ትንፋሽ ያህል ብናርፍ ንባቡ ከሩጫ ይወጣል።

ግእዙን የማያውቅ ሰው በግእዝ ብቻ ሲደግም ድምፁ ያምራል፣ ልብ ግን የሚይዘው ስለሌለው ይሄዳል። ሐዋርያው ጳውሎስ «በመንፈስ እጸልያለሁ በአእምሮም ደግሞ እጸልያለሁ» ብሏል። ግእዝና አማርኛው ጎን ለጎን የታተመውን ግዙ፤ ለአንድ ወር በአማርኛ ብቻ ጸልዩ፣ ትርጉሙ ሲገባችሁ ወደ ግእዙ ተመለሱ። ውዳሴ ማርያም ለዚህ የሚመች ነው፤ በሰባት ቀን ስለሚዞር በአንድ ወር ውስጥ የእያንዳንዱን ቀን አራት ጊዜ ታነቡታላችሁ።

በቃል የያዙትን መድገም ሌላ ፈተና አለው። አቡነ ዘበሰማያት ከልጅነት ጀምሮ አፍ ላይ ስላለ ያለ እኛ ራሱ ይሄዳል። ስለዚህ በየቀኑ ከሱ አንዲቱን ልመና ብቻ ለዩ፦ ሰኞ «ስምህ ይቀደስ»፣ ማክሰኞ «መንግሥትህ ትምጣ» እያላችሁ። ሙሉውን ትጸልያላችሁ፤ በተለየችው ላይ ስትደርሱ ግን ትቆማላችሁ።

ልብ ሲሄድ ምን ይደረግ

አሁን ዋናው ላይ ደረስን። ጠዋት ነው፤ ቆማችኋል፤ መዝሙር 1 ተከፍቷል። «ምስጉን ነው በክፉዎች ምክር ያልሄደ» ብላችሁ ጀመራችሁ። «ፍሬዋን በየጊዜዋ እንደምትሰጥ» የሚለው ላይ ስትደርሱ «በየጊዜዋ» የሚለው ቃል የወር ኪራይን አስታወሰ። ኪራዩ አከራይዋን፣ አከራይዋ ባለፈው ሳምንት የተናገሩትን፣ ያ ደግሞ ልንመልስላቸው ሲገባ ያልመለስነውን ቃል አመጣ። ስትነቁ «የክፉዎች መንገድ ግን ትጠፋለች» ላይ ናችሁ፤ መካከሉን አላነበባችሁትም።

እዚህ ላይ ሰው ከሚሳሳታቸው ሦስት ነገሮች የመጀመሪያው በራሱ መቆጣት ነው። «ምን ዓይነት ሰው ነኝ» ብሎ ራሱን ሲወቅስ ወቀሳው ሁለተኛ ሐሳብ ሆኖ ሌላ መዝሙር ይበላል። ሁለተኛው ሐሳቡን ለማባረር መታገል ነው፤ የታገሉት ሐሳብ ይጠነክራል። ሦስተኛው ከመጀመሪያው ገጽ እንደገና መጀመር ነው። ይህ ጽድቅ ይመስላል፤ ግን ሦስት ጊዜ ከጀመረ በኋላ ሰው ይሰለቻል፣ በአራተኛው ቀን መጽሐፉን አይከፍትም።

የሚሻለው ጣታችሁን መጨረሻ በልባችሁ ያነበባችሁት ቁጥር ላይ አድርጉ። እሷ «ፍሬዋን በየጊዜዋ» የምትለዋ ናት። ከቁጥሯ መጀመሪያ፣ ትንሽ ከፍ ባለ ድምፅ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ድገሟትና ወደፊት ሂዱ። በአንድ መዝሙር ውስጥ አምስት ጊዜ ቢሄድ አምስት ጊዜ መልሱት። አምስቱም መመለስ ጸሎት ነው፤ የሄደውን ልጅ እጁን ይዞ የሚመልስ አባት ልጁ ስለሄደ አባትነቱ አይቀርም። በአንድ ቁጥር ላይ ሦስት ጊዜ ከሄደ ግን ያንን ቁጥር ትታችሁ እለፉ።

ደጋግሞ የሚመጣው ሐሳብ ግን ምን እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል፤ መድኃኒቱ እንደ ዓይነቱ ይለያያል። ሥራ ከሆነ፣ «ይህን ሰው መደወል አለብኝ» ዓይነት፣ ከመጽሐፉ ጎን ትንሽ ወረቀትና እርሳስ አኑሩና በአንድ ቃል ጽፋችሁ ተመለሱ። ልብ የሚይዘው እንዳይረሳው ፈርቶ ነው፤ ተጽፎ ሲያየው ይለቀዋል። ከጸሎቱ በፊት ሁለት ደቂቃ ወስዶ የቀኑን ሥራ መጻፍ ደግሞ ከዚህም ይሻላል።

ጭንቀት ከሆነ፣ ማለትም የልጅ ሕመም፣ የሥራ መጥፋት፣ የፍርድ ቤት ቀጠሮ፣ በወረቀት አይወጣም። እሱን ማባረር ትታችሁ ጸሎት አድርጉት፦ «አቤቱ፣ የዚህን ልጅ ነገር አንተ ታውቃለህ» ብላችሁ ስሙን በጠራችሁበት አፍ ወደ ቁጥሩ ተመለሱ። ዳዊት ራሱ ይህን ነው ያደረገው፤ ከመዝሙሮቹ ብዙዎቹ በሚያሳድዱት ሰዎች መካከል የተባሉ ናቸው። ጌታ ማርታን «በብዙ ነገር ትጨነቂያለሽ ትታወኪማለሽ» ያላት ሥራዋን ንቆ እንዳልሆነ እናስባለን፤ ጭንቀቷ ከፊቷ ያለውን ስለጋረዳት ነው።

ቂም ከሆነ ሌላ ነው። የአንድ ሰው ፊት በየጸሎቱ ከመጣና ያ ፊት የሚያናድድ ከሆነ ችግሩ የአትኩሮት አይደለም። «መባህን በዚያ በመሠዊያው ፊት ትተህ ሂድ፣ አስቀድመህም ከወንድምህ ጋር ታረቅ» የተባለው ለዚህ ነው። መደወል የሚቻል ከሆነ ይደወል፤ ሽማግሌ የሚፈልግ ከሆነ ሽማግሌ ይላክ። ዕርቁ ጊዜ የሚፈልግ ከሆነ በጸሎቱ ውስጥ የዚያን ሰው ክርስትና ስም ጠርታችሁ ማረው በሉ። ይህ ሳይደረግ ስለ ጧፍና ስለ ስልክ ማውራት ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ነው።

እንቅልፍና ድካም ከሆነ ደግሞ ብዙ መንፈሳዊ ምክንያት አትፈልጉለት። ሌሊት 7 ሰዓት የተኛ ሰው 11 ሰዓት ተነሥቶ ቢያንቀላፋ የሚያስፈልገው ቀድሞ መተኛት ነው። ለጊዜው ፊትን በቀዝቃዛ ውኃ መታጠብ፣ ስግደት በሚፈቀድበት ቀን ጥቂት መስገድ ይረዳል። እሑድና በበዓለ ሃምሳ የንስሐ ስግደት እንደሌለ ግን አስታውሱ።

ምንም ማንበብ ያቃተበት፣ ቃላት ሁሉ እንጨት እንጨት የሚሉበት ቀን ይመጣል። ለዚያ ቀን መቁጠሪያ፣ ጸሎት የሚቆጠርበት የፍሬ ክር፣ አለ። ባለ 41ዱን ይዛችሁ በእያንዳንዱ ፍሬ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» (አቤቱ ክርስቶስ ሆይ ማረን) በሉ። ጣት ቁጥሩን ስለሚይዝ ልብ ስንት እንደቀረ ማሰብ አይጠበቅበትም፤ ቃሉም አጭር ስለሆነ ከአንዱ ፍሬ እስከ ሌላው ድረስ ልብን መያዝ ይቻላል። ፍሬዎቹን በጣት አሩጦ ማሳለፍ ግን ከንቱ ነው፤ ለአንድ ፍሬ አንድ ትንፋሽ ስጡ።

ቅዳሴ ላይ

እሑድ የሚጀምረው ቅዳሜ ማታ ነው። ልብሱ ታጥቦ ተሰቅሎ፣ የልጆች ጫማ ተገኝቶ፣ የታክሲ ገንዘብና መባው ተለይቶ ካደረ ጠዋት ጭቅጭቅ የለም። ከቤት ተጨቃጭቆ የወጣ ቤተሰብ ቅዳሴውን ግማሽ ድረስ የሚያብላላው ያንን ጭቅጭቅ ነው።

ከቅዳሴው በፊት ያለው የኪዳን ጸሎት ሲደርስ ድረሱ። በወንጌል ሰዓት የገባ ሰው ከመንገድ ሩጫው ትንፋሹ ሳይመለስ ፍሬ ቅዳሴው፣ ማለትም ዋናው የቅዳሴ ክፍል፣ ይጀመራል። ስልኩ ቤት ቢቀር ይሻላል፤ ካልሆነ ተዘግቶ ቦርሳ ውስጥ ይሁን። መጽሐፈ ቅዳሴ ይዞ በጣት መከተል በጣም ይጠቅማል፣ በተለይ የሕዝቡን ድርሻ። «እግዚኦ ተሣሃለነ»ን፣ «ብነ ኀበ እግዚአብሔር አምላክነ»ን ካህንና ዲያቆን ብቻ እንዲሉልን ከተውን እኛ ተመልካች እንሆናለን፤ ተመልካች ደግሞ የጎረቤቱን ነጠላ ጥለት ማየቱ አይቀርም። ዲያቆኑ «ንነጽር» ሲል እንደ ምልክት ያዙት፤ ልባችሁ የት እንደነበር ሳትመረምሩ በዚያች ቃል ተመለሱ።

ጊዜው የራሳቸው ላልሆነ

ዓረብ አገር በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እኅት፣ አሜሪካ ሌሊት የሚነዳ ወንድም «ቆሞ፣ ወደ ምሥራቅ፣ በሰባቱ ሰዓት» የሚለው ለእነሱ እንዳልተጻፈ ሊሰማቸው ይችላል። የተጻፈውማ ለእነሱም ነው፤ መልኩ ይለያል። በር የሚዘጋበት ክፍል የሌላት ሴት መታጠቢያ ቤት ስታጸዳ፣ ልብስ ስትተኩስ የምትለው በቃል የተያዘ ጸሎት ሊኖራት ይገባል። ስለዚህ በሥራ መካከል ላለ ሰው ከሁሉ የሚቀድመው በቃል መያዝ ነው፦ አቡነ ዘበሰማያት፣ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል፣ መዝሙር 50፣ መዝሙር 90። በሳምንት አራት ቁጥር ብቻ ያጠና ሰው 50ኛውን በአምስት ሳምንት ገደማ ይይዘዋል። ቁጥሮቹን በትንሽ ወረቀት ጽፎ ኪስ ውስጥ መያዝና ሊፍት ሲጠበቅ፣ ቀይ መብራት ላይ ቆሞ ሲጠበቅ (ወረቀቱን ሳያወጡ) በልብ መድገም ይበቃል።

ሰዓቱን በተመለከተ በምትኖሩበት አገር ፀሐይ ጸልዩ። አዲስ አበባ ስንት ሰዓት ሆነ ብሎ መቁጠር አያስፈልግም፤ እዚያ ያለው ነግህ የእናንተ ነግህ ነው። የሌሊት ሠራተኛ ከሆናችሁ ከሥራ ስትገቡ፣ ከመተኛታችሁ በፊት ያለውን ሰዓት ዋና ጸሎታችሁ አድርጉት፤ በድካም ምክንያት አጭር ይሁን እንጂ ቀኑን በዚያ ዝጉ።

ከተቋረጠ በኋላ

ይቋረጣል። ሐዘን ይመጣል፣ ቤት ይቀየራል፣ ሕመም ይገባል፤ ሳምንቱ ወር፣ ወሩ አራት ወር ይሆናል። የዚያን ጊዜ ሰው የቀረውን ሊከፍል ይፈልጋል፤ ያልተነበበውን ዳዊት ሁሉ በአንድ ቅዳሜ ሊወጣ ይነሣል። አታድርጉት። ያለፈው ቀን ጸሎት ዕዳ ሆኖ አይጠብቅም፤ ከንስሐ አባት ጋር የሚነገር ነገር ካለ እሱ ይነገር። የቆማችሁበትን ገጽ ፍለጋም አትድከሙ።

ቀኑ ምን እንደሆነ እዩና የዚያን ቀን ውዳሴ ማርያም ክፈቱ። ሰኞ ከሆነ «ፈቀደ እግዚእ ያግዕዞ ለአዳም» ብሎ ይጀምራል፤ ጌታ ልቡ ያዘነውን አዳምን ነጻ ሊያወጣው ወደደ። ሐሙስ ከሆነ ሙሴ በነደ እሳት ያያት፣ እየነደደች ያልተቃጠለች ዕፅ ናት። እሷን አንብቡ፣ አቡነ ዘበሰማያት በሉ፣ መጽሐፉን ዝጉና ወደ ሥራችሁ ሂዱ። ነገ ዓርብ ነው፤ «ቡርክት አንቲ እምአንስት» ይላል።